ከትከሻዋ የቀረው ፎጣ

የወንድሜ ሚስት ቁጭ ማለት አይሆንላትም። ሻይዋን የምትጠጣው ቆማ ነው። ስልክ ስታወራ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ትመላለሳለች። ሰው ሲያዋራት እጇ አንድ ነገር ካልነካ ጆሮዋ የሚሰማ አይመስልም። ወንድሜ ገና እንዳገባት «ሽክርክሪት» አላት፤ ስሙ ከቤታችን ወጥቶ ሰፈሩን ካዳረሰ በኋላ እናቷ ያወጡላትን ስም የሚጠራ ሰው ጠፋ። እሱ የእሷ ተቃራኒ ነበር። ፍሪጅ ጠጋኝ ነበር፤ የአንድ ሞተር ፊት ተቀምጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ድምፁን ሲያዳምጥ ግማሽ ቀን ይሄዳል። «አንቺ ትሮጫለሽ፣ የሚደክመው እኔን ነው» ይላት ነበር።

ወንድሜ ከደንበኛ ቤት ሲመለስ ደረጃ ላይ ደረቱን ያዘ፤ ሐኪም ቤት ሳይደርስ አለፈ። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ አልጽፍም። የምጽፈው ስለ እሷ ነው።

ለቅሶ ደራሹ ሲበተን ቤቱ ውስጥ ሦስት ሴቶች ቀረን፤ እናቴ፣ ሽክርክሪትና እኔ። ኮሪደሩ ላይ ደግሞ ወንድሜ ሊጠግነው የተቀበለው የሰፈራችን ባለሱቅ ፍሪጅ ቀረ፤ ጀርባው እንደተከፈተ፣ ሽቦው እንደተዘረገፈ። ባለሱቁ «መልሱልኝ» ማለት አፍሮ፣ ለስላሳውን ሞቅ እንዳለ እየሸጠ ዝም አለ። ሽክርክሪት ፍሪጁን ስትዞረው ትውላለች። ትወለውለዋለች፣ ወደ ግድግዳው ታስጠጋዋለች፣ ደግሞ ታርቀዋለች። እናቴ አልጋዋ ላይ ናት። ጸጉሯን አታበጥርም፤ ምግብ ስናቀርብላት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ሾርባውን ይዛላት የምትገባው ሽክርክሪት ናት። ሾርባው እንደገባ ይወጣል፤ እሷም ሳትቀምሰው ሳህኑን ታጥባለች። ቀሚሷ ወገቧ ላይ መዞር ሲጀምር በመርፌ ቁልፍ አጥብቃ ያዘችው።

ሁለታችንም የምንሠራው አንድ ልብስ ማጠቢያ ቤት ነው። የሆቴሎችና የአንድ ሐኪም ቤት አንሶላና ፎጣ እናጥባለን። እኔ ጥግ ላይ የስፌት መኪና አለኝ፤ የተቀደደው ወደ እኔ ይመጣል። እሷ ማሽኖቹ ላይ ናት። እርጥብ አንሶላ ከማሽን ማውጣት ቀላል አይምሰላችሁ። ውሃ የጠጣ አንሶላ እርስ በርሱ ተጠላልፎ ገመድ ይሆናል፤ ሁለት እግር ተክሎ፣ ወገብን ደግፎ መጎተት ነው።

አለቃችንን «ሻለቃ» እንላታለን። ድምጿም አረማመዷም የወታደር ነው፤ እኛ ግን ፊቷ ላይ «እትዬ» ነው የምንላት። ይህች ሴትዮ ከዓመታት በፊት ያመጣችው አንድ ደንብ አለ። የወር አበባዋ መጥቶ ሆዷን የሚቆርጣት ሴት ጠዋት ስትገባ ትንሽ የእጅ ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጣል ታደርጋለች። «ምን ሆንሽ» ብሎ የሚጠይቃት የለም። ያን ቀን ማሽኑን ትታ ማጠፊያው ጠረጴዛ ላይ ትውላለች፤ እዚያ የሞቀውና የደረቀው ልብስ ነው ያለው፣ ጎን ለማሳረፍም አንድ በርጩማ አለ። ሥራ አስኪያጃችን ፎጣው ለላብ ይመስለዋል። አንድ የሞቀ ቀን እሱ ራሱ ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ብቅ አለ። ሻለቃ ሳትስቅ በርጩማውን በእግሯ ገፋ አደረገችለትና «ይቀመጡ ጌታዬ፣ ዛሬ እረፍት ነዎት» አለችው። እሱ አመስግኖ ተቀመጠ። እኛ እንፋሎቱ ውስጥ ገብተን እየተደጋገፍን ሳቅን።

ያረገዘች ሴት ደግሞ ፎጣም አያስፈልጋትም። እስክትወልድ ድረስ ቦታዋ ጠረጴዛው ነው።

እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ የባልሽን ጠባይ የማያውቁ ሴቶች የፎጣሽን ጊዜ ያውቁታል። የሽክርክሪት ፎጣ ከትከሻዋ የቀረ ጊዜም አወቁ። መጀመሪያ ወር ሐዘን ነው ብለው ዝም አሉ። ሁለተኛውም ወር እንዲሁ ሲያልፍ ዓይን ለዓይን መተያየት ጀመሩ። እሷ ደግሞ የሰውን ሁሉ የሌሊት ተራ እየለመነች ትወስዳለች፤ ቤት ውስጥ ጨለማውን ተኝታ ከማየት ማሽን መጎተት ይሻላታል። ቀን ትተኛለች ይባላል እንጂ እኔ ተኝታ አላየኋትም።

አንድ ጠዋት ሻለቃ ከማሽኑ ላይ እጇን ይዛ አነሳቻትና ጠረጴዛው ጋ አቆመቻት።

«ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ነሽ።»

«ምነው እትዬ? ምን አጠፋሁ?»

«ምነው አትበዪኝ። ዝም ብለሽ እጠፊ።»

ሽክርክሪት ዙሪያዋን አየች። ማሽኖቹ ላይ ያሉት ሴቶች ሁሉ አንገታቸውን ደፍተዋል። ከዚያ አንሶላ አንስታ ማጠፍ ጀመረች። ማጠፏ ነው ነገሩን ያጸደቀው። እዚያ ቤት «እርጉዝ ነኝ» የሚል ሰው የለም፤ ትከሻዋ ላይ ፎጣ ሳይኖር ጠረጴዛው ላይ የዋለች ሴት ተናግራለች ማለት ነው።

ካውያ ላይ የምትሠራውን ሴት «ሬዲዮ» የምንላት በከንቱ አይደለም። በዚያው ሳምንት ዳቦ ይዛ እናቴን ልትጠይቅ መጣች። ወደ ቤት ስገባ እየወጣች ነበር፤ ሳመችኝና «አይዟችሁ፣ እግዚአብሔር ሲወስድም ይተካል» ብላኝ ሄደች። ገባሁ። እናቴ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ጸጉሯን ታበጥራለች።

«ሾርባ አለ?» አለችኝ።

ከቀብሩ ወዲህ ምግብ ስትጠይቅ የመጀመሪያዋ ነው። ምን እንደሰማች ሳልጠይቅ ገባኝ። አሞቅሁላት፤ ጨረሰችው።

ከዚያ በኋላ እናቴ ሌላ ሴት ሆነች። ማለዳ ትነሳለች። እንቁላል ቀቅላ፣ ልጣጩን አንስታ፣ ሽክርክሪት እጅ ላይ ታስቀምጣለች። ባልዲ ስታነሳ «ተዪ! ልጆች የሉም እንዴ?» ትላለች፤ ልጆች የምትለው እኔን ነው፣ ጸጉሬ ሸብቶ። ሽክርክሪት እንቁላሉን ይዛ ከክፍል ክፍል ትዞራለች፤ እናቴ ዞር ስትል ለእኔ ትሰጠኛለች። ክብደት የጨመርኩት እኔ ነኝ።

አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ስንሄድ ልደርስባት አልቻልኩም።

«ቀስ በይ እንጂ፣ እንደ ሰው እንሂድ!»

«እየሄድኩ ነው።»

«እየሮጥሽ ነው። ቁሚ። እውነት ነው?»

«ምኑ?»

«አታድርቂኝ።»

ቆመች። የቦርሳዋን ዚፕ ከፈተች፣ ዘጋች፣ ከፈተች። «አላውቅም» አለች። «ቀርቷል። ለምን እንደቀረ ግን አላውቅም። የወሊድ መከላከያ መርፌውን ያቆምነው እኮ ልጅ ፈልገን ነው። ካቆምኩ በኋላ ፔሬዴ እንደልቡ ሆነ፤ ይመጣል፣ ይዘላል። መስመር ያዘ ስንል...» አልጨረሰችውም።

«ታዲያ ተመርመሪያ! የሽንት ምርመራ ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል?»

«እሱን ነው የፈራሁት። ብጠይቅ ይመልሱልኛል።» ዚፑን ዘጋች። «እስካልጠየቅሁ ድረስ እምቢ ያለኝ የለም። እማማም ይበላሉ።»

እኔም ብሆን ሳልጠይቃት የቆየሁት ለዚያው ነው።

ቀናት እንዲህ አለፉ። እሷ ጠረጴዛው ላይ ቆማ ታጥፋለች፤ የታጠፈውን ፈታ እንደገና ታጥፋለች። ከመጸዳጃ ቤት በወጣች ቁጥር ፊቷን አያለሁ። ምንም የለም። አንድ ጊዜ «ጡቴን ያመኛል» ትለኛለች፤ ወዲያው ደግሞ «ስለነካካሁት ይሆናል» ትላለች። ጠዋት ያቅለሸልሻታል፤ ባዶ ሆድ ማንንም ያቅለሸልሻል። ምልክቱ ሁሉ በሁለት በኩል ይነበባል።

ነገሩን የቆረጠችው እናቴ ናት፤ ሳታውቀው። ከሥራ ስንመለስ ኮሪደሩ ባዶ ነው። ባለሱቁን አስጠርታ ፍሪጁን አስወስዳዋለች።

«ቤቱ ሰፋ አይደል?» አለች እናቴ። እጇን ከግድግዳ ግድግዳ ዘርግታ አሳየችን። «እዚህ ጋ የሕፃን አልጋ ይገባል። ነፋሱም አያገኘው። እኔ ከአልጋዬ ሆኜ አየዋለሁ።»

ፍሪጁ ቆሞበት የነበረው ቦታ ላይ ወለሉ አራት ማዕዘን ሆኖ ነጥቷል። ሽክርክሪት ጨርቅ አመጣችና ተንበርክካ ዙሪያውን መፈተግ ጀመረች፤ የነጣውን ሳይሆን ያልነጣውን፣ እኩል እንዲሆን። ብዙ ፈተገች። እናቴ «ተነሺ፣ ለአንቺ ጥሩ አይደለም» ስትላት ቀና ብላ እኔን አየችኝ።

«ነገ ከሥራ ስንወጣ አብረሽኝ ትመጫለሽ» አለችኝ። ወዴት ብዬ አልጠየቅኋትም።

ጤና ጣቢያው ያገኘናት ነርስ በዕድሜ የገፋች ናት፤ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽሯን ትፈልጋለች። ሽክርክሪት ሽንቷን በብልቃጥ ሰጥታ ስትመለስ አልተቀመጠችም። መስኮቱ ላይ ያሉትን የተበታተኑ ወረቀቶች እኩል አድርጋ ደረደረች፤ መጋረጃውን አስተካከለች።

«ልቅጠርሽ እንዴ?» አለች ነርሷ። «ቁጭ በይ እንጂ ልጄ።»

«እሺ ሲስተር» አለችና ቆመች።

ነርሷ መመርመሪያውን አይታ መነጽሯን አወረደች። ፊቷን ሳይ አወቅሁት።

«አልያዘም። እርጉዝ አይደለሽም።»

«ይሳሳታል ሲስተር?»

«ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቢሆን ሊሳሳት ይችላል። አንቺ ከመጨረሻ አበባሽ ብዙ ቆይተሻል። ለልብሽ ማረፊያ ደምሽንም እናያለን።»

ደሙንም ሰጠች። ጠበቅን። ያው ነው መልሱ።

«ስለዚህ የለም» አለች ሽክርክሪት።

«የለም።»

«መጥቶ የሄደም አይደለም?»

«አይደለም ልጄ። አልነበረም።»

የወንበሩን መደገፊያ በጣቷ ጠረገችው። አላለቀሰችም። «ታዲያ ለምንድነው የቀረው?» አለች፤ ድምጿ ውስጥ ቁጣ ነበር፣ የዘገየ ሠራተኛን እንደምትጠይቅ።

ነርሷ ሚዛን ላይ አወጣቻት። የሚዛኑን መርፌ አየችና የቀሚሷን መርፌ ቁልፍ አየች። «ምን ትበያለሽ?»

«ሻይ» አልኩ እኔ በእሷ ቦታ።

«ሻይ ይጠጣል እንጂ አይበላም። እንቅልፍስ?»

«አሁንም አንዳንድ ቀን የሌሊት ተራ ትወስዳለች።»

«እሷ አፍ የላትም?» አለችኝ ነርሷ፤ ሽክርክሪት ለመጀመሪያ ጊዜ ከንፈሯ ጥግ ላይ ፈገግ ያለች መሰለኝ። ከዚያ ስለ ባሏና ስላቆሙት መርፌ ተናገረች። ነርሷ እስክትጨርስ ጠበቀቻትና እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ እንዲህ አለቻት፤

«ስሚኝ። ሰውነት ሲቸግረው እንደማንም ቤተሰብ ነው፤ መጀመሪያ የሚያቆመው ለዛሬ የማያስፈልገውን ነው። ምግብ ሲያንሰው፣ እንቅልፍ ሲያጣ፣ ሐዘን ሲከብደው፣ ልጅ ለመያዝ መዘጋጀቱን ይተወዋል። እንቁላል አይለቅም። እንቁላል ካልተለቀቀ አበባውም በጊዜው አይመጣም። ቀን ተኝቶ ሌሊት መሥራትም ያዛባዋል። በዚያ ላይ መርፌው አለ፤ ካቆሙት በኋላ ወራት የሚዘገይባቸው ብዙ ናቸው። አንቺ አንዱንም አልተውሽም፣ ሁሉንም ሰብስበሽዋል።»

«በሽታ አይደለም?»

«የአንገት ዕጢ ሲያስቸግርም ይቀራል፤ ለዚያ ደሙን ልኬዋለሁ። ከድሮም ጀምሮ እየዘለለ የሚመጣባቸው፣ ፊታቸው ላይ ጸጉር የሚበዛባቸው ሴቶችም አሉ፤ የአንቺ እሱ አይመስልም። ደግሞ ዕድሜ ሲደርስ እንዲሁ ይንገዳገዳል፣» ብላ ወደ እኔ ዞረች።

«እኔ ምን አደረግሁ? እሷን ላደርስ ነው የመጣሁት» አልኳት።

«አንቺም ትመጫለሽ» አለችኝ። ወደ ሽክርክሪት ተመልሳ፣ «ብዪ። ሌሊት ተኚ። ሦስት ወር ሙሉ ካልመጣ ግን ተመለሺ፤ ሐዘን ነው ብለሽ አትተዪው። ከባድ ሕመም ካለሽማ ያንኑ ቀን ነይ።»

ወጣን። መንገዱን ሙሉ አልሮጠችም። እኔ ቀደምኳትና ቆሜ ጠበቅኋት። «ለእማማ እኔ ነኝ የምነግራቸው» አለችኝ።

እናቴ ማዕድ ቤት እንቁላል እየላጠች ነበር። ሽክርክሪት በሩ ላይ ቆመች። «እማማ፣ ሐኪም ቤት ሄጄ ነበር። አላረገዝኩም። የወር አበባዬ የቀረው ስላልበላሁና ስላልተኛሁ ነው።»

እናቴ ልጣጩን አነሳች። የቀረችውን ትንሿንም አነሳች። «ሬዲዮ ናት ያለችኝ» አለች።

«አውቃለሁ።»

«አንቺም ዝም አልሽ።»

«ዝም አልኩ። እርስዎ ሲበሉ ሳይ ዝም አልኩ።»

እናቴ እንቁላሉን ሳህን ላይ አስቀመጠችና ወደ አልጋዋ ሄደች። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ያን ቀን አልበላችም፤ በማግስቱም እንዲሁ። ቤቱ የቀብሩ ሳምንት ወደ ነበረበት ተመለሰ። ሽክርክሪት ግን የሌሊት ተራ አልወሰደችም። ሾርባ ሠራች፤ በአንድ ሳህን ሁለት ማንኪያ አድርጋ ገባች። እኔ በሩ ላይ ቀረሁ።

«እማማ፣ ይነሱ። ሲስተሯ ካልበላሽ አይመጣም ብላኛለች።»

«ምኑ ነው የማይመጣው?»

«አበባዬ።»

እናቴ ዞረች። «አንቺ ምን ነካሽ? እንዲህ ያለ ነገር ለእኔ ይነገራል?»

«ለማን ልንገረው? ለሬዲዮ?»

እናቴ ልትስቅ ነበር፤ ዋጠችው። «እንግዲያ ብዪ። ማን ከለከለሽ?»

«ብቻዬን አይወርድልኝም።»

«አልበላም አልኩሽ።»

«እኔም አልበላም። ሁለታችንም እንቅር።»

ሾርባው መቀዝቀዝ ጀመረ። ሽክርክሪት ሳህኑን ይዛ እንደቆመች ናት። ልገባ ስል እናቴ በክርኗ ተነሳች። ማንኪያውን ነጥቃ ቀመሰች።

«ጨው የለውም።»

«አለው።»

«ሳትቀምሺ በምን አወቅሽ? ቅመሺ።»

ሽክርክሪት ቀመሰች። ጨዋ ናት፣ እውነቱን ተናገረች፤ «የለውም።»

«እኮ! የልጄ ሚስት ሾርባ አትችልም ሊባል ነው» አለች እናቴ፤ አለችና እዚያው ዓይኗን በነጠላዋ ያዘች። ሽክርክሪትም ሳህኑን አስቀምጣ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፣ ጭንቅላቷ አልጋው ላይ። ጨው ላመጣ ሄድኩ። ማዕድ ቤት ብዙ ቆየሁ።

ከዚያ ጀምሮ ሁለቱ እየተቆጣጠሩ ይበላሉ። «ያቺን ጨርሺ።» «እርስዎ ያንን ይጨርሱ።» ለእኔ የሚተርፍ እንቁላል ጠፋ።

ሥራ ቤት ግን ገና ነበር። እናቴ ሾርባውን በቀመሰች ማግስት ሽክርክሪት ጠረጴዛው ጋ አልሄደችም። ማሽኖቹ መሀል ቆማ፣ ከሞተሩ ድምፅ በላይ፣ «እትዬ፣ ወደ ማሽኔ መልሺኝ። አላረገዝኩም» አለች። ካውያዎቹ ሁሉ ቆሙ። ሻለቃ ፊቷ ቀላ። ያችን ሴትዮ ስታፍር ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

«እኔ... ፎጣሽን ሳጣው...»

«አውቃለሁ። እኔም አጥቼው ነው።»

«ሰውነትሽ እስኪመለስ ጠረጴዛው ላይ ብትቆዪስ?»

«አይሆንም። ጠረጴዛው ላይ ስቆም ሁሉም ሆዴን ያያል።»

ሻለቃ አልተከራከረችም። ማሽን ሰጠቻት፤ ከጎኗ ግን አንዷን ጉልበታም ልጅ አቆመች፤ ስትጎትት ሌላዋ አብራ እንድትጎትት። ሬዲዮ ያን ቀን አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ሲመሽ ልብስ መቀየሪያው ጋ ጠብቃ «ይቅርታ አድርጊልኝ» አለቻት። ሽክርክሪትም «ዜናው የተሳሳተ መሆኑንም በዚያው ጉሮሮሽ አሰሚልኝ» አለቻት። ሬዲዮ አሰማች፤ በሁለት ቀን ውስጥ ሰፈሩ ሁሉ አወቀ።

የደሙ ውጤት ደህና ሆኖ መጣ። አበባዋ ግን አሁንም አልመጣም። ቀሚሷ ወገቧን እየሞላ ሲመጣ መርፌ ቁልፉ ወጣ። ነርሷ የሰጠቻት ጊዜ እየቀረበ ስለሆነ መልሳ መቁነጥነጥ ጀምራለች፤ ልትሄድ ተዘጋጅታለች።

አንድ ጠዋት ከእኔ ቀድማ ወጣች። ስገባ ማሽኑ ላይ የለችም። ሴቶቹ እንደተለመደው አንገታቸውን ደፍተዋል። ማጠፊያው ጠረጴዛ ጋ ትንሽ ነጭ ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ትራስ ልብስ ታጥፋለች። ፊቷ የተኮማተረ ነው፣ ሕመሙ ሳይይዛት አልቀረም። ሬዲዮ ካውያዋን አንስታ አፏን ከፈተች፤ ሻለቃ አየቻት፤ ዘጋችው። ሻለቃ በርጩማውን በእግሯ ገፋ አደረገችው። ሽክርክሪት ተቀመጠች። አራት አምስት ትራስ ልብስ አጥፋ ተነሳች።

ማታ ቤት ስገባ እናቴ ብቻዋን ነበረች፤ ሽክርክሪት መንገድ ላይ ዳቦ ልትገዛ ቀርታለች።

«ዛሬ ምን ላይ ዋለች?» አለችኝ። የኛን ደንብ ከሬዲዮ ተምራዋለች።

«ጠረጴዛው ላይ።»

«በፎጣ?»

«በፎጣ።»

እናቴ ኮሪደሩን አየች፣ ወለሉ የነጣበትን።

«ያማታል?»

«ያማታል መሰለኝ።»

«እንግዲያ ምን ትገተሪያለሽ?» አለችና ከወንበሯ ተነሳች። «ውሃ ጣጂ፤ ስትመጣ ሆዷ ላይ የምትይዘው ጠርሙስ ይሙቅላት።»